ኮድ ብቻ ከሆነ ልክ ነዎት

ስለ ኮምፒውተር ምህንድስና ትምህርት «ኮድ ለመጻፍ 5 ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ ምን ያደርጋል?» ላሉት ጸሐፊ፦ ኮድ ብቻ ከሆነ ልክ ነዎት፤ ጥቂት ወራት የሠለጠነ ልጅም ድረ ገጽ ይሠራል። (አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ የዘረጋው ሁሉ ፍሪላንሰር ነው እኮ!) አምስት ኪሎ ግቢ (የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ኮምፒውተር ምህንድስና የሚማሩት ግን ከሰርኪዩትና ከሲግናል ተነሥተው ነው ዲጂታል ሎጂክ፣ ማይክሮፕሮሰሰር፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ኔትወርክ የሚደርሱት። ፕሮሰሰር ትእዛዝን ከሜሞሪ እንዴት አንሥቶ እንደሚፈጽም፣ ካሽ (ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነ ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ለምን እንዳስፈለገ የገባው ሰው ፕሮግራሙ ሲንቀራፈፍ ችግሩን የት እንደሚፈልግ ያውቃል። ኮዱን ብቻ የሚያውቀው «ሰርቨር ጨምሩ» ይላል።

ሥራን በተመለከተ እዚህ አገር ቺፕ የሚነድፍ ቀጣሪ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። አብዛኛው ተመራቂ የሚገባው ሶፍትዌር፣ የባንክ ዳታ ሴንተር ወይም ቴሌኮም ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ የክፍያ ሥርዓትን ከባንክ ሲስተም ጋር ማገናኘት የሚችል ሰው ይፈለጋል። የሕክምና መሣሪያና የአሳንሰር መቆጣጠሪያ ጥገናን ልጆቻችን ይንቁታል፣ እኔ ግን ሃርድዌር የሚወድ ልጅ ቢሞክረው አይጎዳም ባይ ነኝ።

አሁን ለሚማሩት፦ ኢንተርንሺፕ ስትወጡ ማኅተም ብቻ የሚመታላችሁ ቢሮ አትሂዱ። ሰርቨር የምትነኩበትን ፈልጉ፣ ቢርቅም።