ሃሪኬን ቦስተን አይደርስም?

«ቦስተን ሰሜን ነው፤ ሴፕቴምበር ከገባ ደግሞ ስለሚበርድ ሃሪኬን አያሰጋንም» ብለሃል፤ ሃሪኬን ማለት ከባሕር የሚነሳው ከባድ አውሎ ነፋስ ነው። ይቅርታ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው። ሃሪኬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነው፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ባሕሩ የሰመሩን (የሞቃቱን ወቅት) ሙቀት ቶሎ አይለቅም። የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት እስከ ኖቬምበር 30 ይዘልቃል፤ የሚብሰውም ሴፕቴምበር ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1938 የመጣው ሃሪኬን እዚሁ ኒው ኢንግላንድ ያለችውን የፕሮቪደንስን መሃል ከተማ በባሕር ውሃ አጥለቅልቆታል። በሎንግ አይላንድና በኒው ኢንግላንድ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። እርግጥ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ተዳክሞ ነው የሚደርሰው። ግን ወደ ሰሜን ሲወጣ ይፈጥናል፤ የመዘጋጃ ጊዜህ ያጥራል። በ2022 ፊዮና የተባለችው አውሎ ነፋስ ከቦስተንም በላይ ካናዳ ድረስ ዘልቃ፣ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ ፖርት ኦ ባስክ ላይ ቤቶችን ጠርጋ ባሕር ከታለች። እባክህ፣ ቤትህ ባሕር ዳር ከሆነ የመልቀቂያ ዞንህን (አደጋ ሲመጣ ለቃችሁ ውጡ የሚባልበትን ክልል) ዛሬውኑ እይ።