ድልድዩን የበላው ጋኔን

እናንተዬ፣ የዚህን ጋኔን ነገር ካልተናገርኩ ልፈነዳ ነው።

ለፍልሰታ ጎጃም፣ አክስቴ ጋ ሄጄ ነበር። ከመኪና መንገዱ እሳቸው ቤት በወንዙ ከተሻገሩ 20 ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ስኳርና ዘይት ተሸክሜ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ፣ በዳገቱ ዞሬ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀሁ። ለምን? መሻገሪያው ላይ ጋኔን አለ። በቀትር ከተሻገርክ መጋኛ ይመታሃል። በማታ ከተሻገርክ ትለከፋለህ። ታዲያ ይሄ ጋኔን በስንት ሰዓት ነው እረፍት የሚወጣው?

ማታ ቡና ተፈላ። ወሬው ያው እሱ ነው። ድሮ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ስትሻገር ውሃው ዋጣት፤ እስከ ዛሬ ክረምት ክረምት ከውሃው ሥር ከበሮ ይሰማል። እሺ። ግን ይሄን በጠራራ ፀሐይ ብትነግሩኝ ምን ትሆናላችሁ? ሽንት ቤቱ ጓሮ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ይዤ ይዤ በመጨረሻ ወጣሁ። የስልኬን መብራት ሳበራ ሁለት ዓይን ቦግ አለብኝ። ስመ ሥላሴን በአንድ ትንፋሽ ጠርቼ ወደ ቤት በረርኩ፤ አንድ እግር ጫማዬ እዚያው ቀረ። ለካ የጎረቤት አህያ ናት። ጠዋት ያገኘኝ ሁሉ «አህያዋ እንዴት አደረች?» እያለ ይስቅብኛል።

ይሄ ይሁን። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረምሳ ከገበያ ሲመለስ ውሃ ወሰደው። ለቅሶው ላይ «ግብሩን ወሰደ» ተባለ፣ አለቀ። የምን ግብር! ደራሽ ነው የወሰደው። ተራራው ላይ ዶፉ ይወርዳል፤ እታች ፀሐይ ነው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ከዚያ ድንገት ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ይመጣል። ከበሮ የሚሉትን እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ድም፣ ድም ይላል። ከደፈረሰው ውሃ ሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው። (ቢሾፍቱ ሐይቅም በየዓመቱ ሰው ይበላል እየተባለ ይታማል። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ እኮ ነው፤ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ዋና የማይችል ሰው እዚያ ለመስመጥ ጋኔን አያስፈልገውም።)

አባቶቻችንም ዝም ብለው አልተናገሩም። ደጋ ላይ የክረምት ዝናብ ባብዛኛው የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። «ከቀትር ጀምሮ ወንዝ አትውረድ» ያለ ሰው ስንት ነፍስ አትርፏል። እኔን የሚያበግነኝ ጋኔኑ የመንገድ ሥራ ኃላፊም መሆኑ ነው። ድልድይ ይሠራልን የሚል የለም፤ ከጋኔን ጋር ማን ይከራከራል? አንዴ ቢጠየቅም ከላይ የመጣው ሰውዬ «ቦታው ከባድ ነው አሉ» ብሎ ደብተሩን አጥፎ ሄደ። የተማረ ሰው!

ስመለስ አክስቴ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥረው «ኪስህ ክተት፣ ልጄ» አሉኝ። ይሄን ሁሉ አስረዳኋቸው። ድንጋዩን፣ ደራሹን፣ ሁሉንም። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያው ተሻገራ» አሉኝ።

በዳገቱ ዞርኩ። ፌጦውም ኪሴ ነው።