ዜሮ ያመጣን ተጫዋች ማን ያቆየዋል?

ክረምት በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ወሬው አንድ ነው። ማን ፈረመ? ማን ለቀቀ? ማሊያና ዋንጫ የሚሸጡት ሱቆች ደጃፍ ላይ የቆመ ደጋፊ ሁሉ "ዘንድሮ ታማኝ ተጫዋች የለም፣ ሁሉም ብር ነው የሚያየው" ይላል። እኔ ግን አልስማማም። ጣታችንን የቀሰርነው ያለ ቦታው ነው።

እኛ ጋ ብዙም የማይታወቅ የሞተር ሳይክል ውድድር አለ፤ ስፒድዌይ ይባላል። አራት ተወዳዳሪዎች ሞላላ የአፈር መም ላይ አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ። ሞተሩ ፍሬን የለውም፤ ማርሹም አንድ ብቻ ነው። ኩርባው ላይ የኋላ ጎማው በጎን እየተንሸራተተ፣ ግራ እግር መሬት እየነካ ነው የሚታጠፈው። አንደኛ የወጣ 3 ነጥብ ያገኛል፣ የመጨረሻው ዜሮ።

ፖላንዳዊው ዬዢ ሽቻኪዬል በአገሩ ሊግ የተወዳደረው ለአንድ ክለብ ብቻ ነው፤ ለኦፖሌ ከተማው ኮሌያሽ። እ.ኤ.አ. በ1971 ስዊድን ጎተንበርግ ላይ ለዓለም ፍጻሜ ደረሰ። ያመጣው ነጥብ ዜሮ! እስቲ አስቡት፣ ያን ያህል ለፍቶ ባዶ እጁን መመለስ። በ1973 ግን ሆዡፍ ላይ፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ ያኔ አራት ጊዜ ሻምፒዮን ከነበረው ኒውዚላንዳዊ ኢቫን ማውገር ጋር እኩል ነጥብ ይዞ ለመለያ ውድድር ቀረበ። ማውገር ወደቀ። ሽቻኪዬል የመጀመሪያው ፖላንዳዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያኔም ክለቡ ያው ኮሌያሽ ነበር።

እኛ ጋ ቢሆንስ? ዜሮ ያመጣ ልጅ ክረምቱን መሻገሩን እጠራጠራለሁ። አጭር ውል፣ ከዚያ መልቀቂያ። አሰልጣኝ ሲቀየር ቡድኑ አብሮ ይታመሳል። ደመወዝ ለወራት ሲዘገይ ክለቡን ከሃዲ የሚለው የለም። ተጫዋቹ ሲለቅ ግን ስድቡ አይጣል ነው።

በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ስታዲየም ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው። ዛሬም ስሙ ሲነሳ ጊዮርጊስ አብሮ ይነሳል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ የውድድር ዘመን አይገኝም።

ክለቦቻችን ለወጣቱ ረዘም ያለ ውል ይስጡት። ሲጎዳ ያሳክሙት። ዕድሜውን ለሰጣቸው ደግሞ የስንብት ጨዋታ ያዘጋጁለት። ደጋፊውም ጎል የሳተን ልጅ ከመሳደቡ በፊት "ደመወዙ ተከፍሎታል ወይ?" ብሎ ቦርዱን ይጠይቅልኝ።