«ናው» ካየሽ «አይ ኤን ጂ» ጨምሪ የሚል ሕግ የለም!

የልጅቷ የእንግሊዝኛ ደብተር አሁንም ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። «ባዶውን ቦታ ሙሉ» የሚል ነው ጥያቄው፤ «አይ … ኤ ፔን ናው» (አሁን እስክሪብቶ ያስፈልገኛል)፣ ግሱ «ኒድ»። ልጅቷ «ኒድ» ብላ ሞላች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ! ከጎኑ «ኤም ኒዲንግ» ተብሎ ተጽፎላታል፤ በሂደት ላይ ያለ ድርጊትን የሚያሳየው «አይ ኤን ጂ» ግሱ ላይ ተቀጥሎ።

ዝም አላለችም እኮ፣ ጠይቃለች።

«ቲቸር፣ ኒድ ላይ አይ ኤን ጂ አይገባም አይደል?»
«ናው የሚለው አይታይሽም?»
«ይታየኛል፣ ግን…»
«ግን ምን? መነጽር ይገዛልሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሷም ትክክለኛውን መልስ በላጲስ አጥፍታ ስህተቱን ጻፈች። በላጲስ አጥፍታ!

«ናው» ብቻውን ምንም አይወስንም፣ የሚወስነው ግሱ ነው። ኒድ፣ ዋንት (መፈለግ)፣ ኖው (ማወቅ)፣ ቢሊቭ (ማመን)፣ አንደርስታንድ (መረዳት) ሁኔታን እንጂ በሂደት ላይ ያለ ድርጊትን አይናገሩም። ስለዚህ «አይ አንደርስታንድ ናው» ነው የሚባለው፣ አለቀ። ደግሞ አንዳንዱ ግስ ሁለት ፊት አለው፤ «አይ ቲንክ» ይመስለኛል ነው፣ «አይ ኤም ቲንኪንግ» እያሰብኩ ነው። «አይ ሃቭ ኤ ካር» መኪና አለኝ፣ «አይ ኤም ሃቪንግ ላንች» ምሳ እየበላሁ ነው። ይህን በቃል በተሸመደደ ዝርዝር ማን ይለየዋል? ትርጉሙን መጠየቅ ነው እንጂ!

«ኦልዌይስ (ሁልጊዜ) ካለ ሲምፕል ፕረዘንት ነው»፣ ማለትም አይ ኤን ጂ የሌለው የዘወትር ግስ ነው፣ የሚሉትስ? «ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ሉዚንግ ሂዝ ኪይስ» ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው። ቁልፉን በየጊዜው እየጣለ አሰልችቶኛል ማለት ነው፤ ምሬቱን የተሸከመው ያው አይ ኤን ጂ ነው። ፈተና ላይ ግን ኤክስ ይደረግበታል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ አማርኛችንን ክፍል ውስጥ አለማስገባታችን ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከዚያ ነዋ! «ኮት ለብሷል» እንላለን፣ እንግሊዝኛው «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ኮት» ነው። «እየለበሰ ነው» ካልን ግን አንድ እጁ ገና እጅጌው ውስጥ አልገባም፤ ያ «ሂ ኢዝ ፑቲንግ ኦን ኤ ኮት» ነው። ተቀምጧል፣ ተኝቷል፣ ቆሟል፣ ሁሉም እንደዚሁ። ተማሪው «ለብሷል» ያለቀ ነገር ስለሚመስለው «ሂ ዎር» ብሎ ይጽፋል፤ ሰነፍ ተብሎ ይሰደባል። ሰነፍ አይደለም፣ ልዩነቱን የነገረው ሰው የለም።

«እሄዳለሁ»ም እንዲሁ ነው። በየቀኑም እሄዳለሁ፣ ነገም እሄዳለሁ። እንግሊዝኛ ይህን ይበታትነዋል። የሐኪም ቀጠሮ ተይዞ ካለቀ «አይ ኤም ሲኢንግ ዘ ዶክተር ቱሞሮ»፤ አውቶቡሱ በፕሮግራሙ መሠረት ነገ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ከሆነ «ዘ ባስ ሊቭስ አት ሲክስ ቱሞሮ»። በሲምፕል ፕረዘንት ስለ ነገ! (ሰዓቱም በእነሱ አቆጣጠር ስድስት መሆኑን የሚነግር የለም፤ ስንቱን ልናገር።)

«ደዝ ሺ ዎርክስ?» የሚለውንማ ተዉት። «ኤስ» የምትባለው ፊደል ደዝ ላይ ወጥታለች፣ ሁለተኛ አትደገምም። «ኢዝ ሺ ዎርክ?» ደግሞ የ«ደዝ ሺ ዎርክ?»ንና የ«ኢዝ ሺ ዎርኪንግ?»ን ግማሽ ግማሽ መስፋት ነው። ሥራ ፈላጊው «ዋት ዱ ዩ ዱ?» ሲባል ሥራውን መናገር ሲገባው አሁን የሚያደርገውን የሚመልሰው በዚሁ የተነሳ ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። «ዘ ኸርት ፓምፕስ ብለድ» (ልብ ደም ይረጫል) ይላል መጽሐፉ። ልብ አሁን እየመታ አይደለም እንዴ? እየመታ ነው! ግን ሁሌም እውነት የሆነ ነገር ስለሆነ ሲምፕል ፕረዘንት ሆነ። «አይ ሊቭ ኢን አዳማ» ኑሮዬ እዚያ ነው፤ «አይ ኤም ሊቪንግ ኢን አዳማ» ለጊዜው ነው። ድርጊት ነው ወይስ ሁኔታ? ድርጊት ከሆነስ፣ የዘወትር ነው ወይስ የሰሞኑ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለማስለመድ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃ ነበር።

ደከመኝ። ልጅቷ ነገ ፈተና አላት። ያው ጥያቄ ቢመጣ «ኒድ» ብላ ነጥቡን ትጣ ወይስ «ኤም ኒዲንግ» ብላ ታግኝ? ከማታ ጀምሮ እየጠየቀችኝ ነው።