የሰርቪስ ቤት ፈቃድ ወጪ፦ በመቶኛ ወይስ በካሬ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ ባሕር ዳር ውስጥ ግቢው ላይ ሰርቪስ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው የግንባታ ፈቃዱን ወጪ በምን ይገምት?

መሐንዲሱ፦ ባለቤቱ ሲመጣ የያዘው «ሁለት ክፍል ልጨምር» የሚል ሐሳብ ብቻ ነው። ፕላን የለው፣ ካሬ አያውቅ። ስለዚህ ከጠቅላላ የግንባታ ግምቱ ላይ ለፈቃድ መቶኛ ይያዝ እላለሁ። ቤቱ 1 ሚሊዮን ብር ይፈጃል ብንልና 2 በመቶ ብንይዝ 20,000 ብር ነው። ከሲሚንቶና ከብረት ዋጋ አንጻር ይህ ቁጥር ትንሽ ቢሳሳት ሥራውን አያስቆምም።

ነዳፊዋ፦ የምንለያየው እዚያ ላይ ነው። የፈቃድ ገንዘብ የሚወጣው መሠረት ሳይቆፈር ነው፤ ያኔ ከጎደለ ቆፋሪውም ብሎኬቱም ቆሞ ይጠብቃል። ደግሞም ባለቤቱ የ80,000 ብር ሴራሚክ ቢጨምር በእርስዎ ስሌት የፈቃዱ ወጪ በ1,600 ብር ያድጋል። በካሬ የሚሰላ ተመን ግን ወለሉ ሴራሚክ ይሁን ሊሾ አይለይም።

ስፋቱን እንየው። ሰው «4 በ6» ሲል የውስጡን ማለቱ ነው፤ 24 ካሬ። ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት ከሆነ ውጭ ለውጭ 4.40 በ6.40 ይመጣል፤ 28.16 ካሬ። በረጅሙ ጎን 1.20 ሜትር በረንዳ ሲወጣለት 7.68 ይጨመራል። ድምሩ 35.84! ካሰበው በግማሽ ያህል በለጠ። ስለዚህ ከማባዛት በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ ልኬቱ ውጭ ለውጭ ነው ወይ? በረንዳስ ይቆጠራል? ተመኑም ፈቃዱን ከሚሰጠው የከተማው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይወሰድ እንጂ ከጎረቤት ወሬ አይሁን።

መሐንዲሱ፦ እውነት ነው እህቴ፣ በረንዳውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኪስ የሚያራቁተው ግን ምልልሱ ነው። ለሐይቁ በቀረበ ሰፈር ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ ይመጣል። በሥዕሉ ላይ ጥልቅ ሴፕቲክ ታንክ (የሽንት ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ካለ፣ ጉድጓዱ ሳይገነባ ውኃ ይሞላዋል፤ ሥዕሉ ይታረማል፣ ነዳፊም እንደገና ይከፈላል። ሌላም አለ፦ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ምድር ላይ ብቻ ያለ የግል መኖሪያን ምድብ «ሀ» ይለው ነበር። «ላዩ ላይ አንድ ልድገም» ያለ ሰው በዚያ አዋጅ ምድቡ ይቀየርበት ነበር፤ የስትራክቸር (የምሰሶና የብረት) ሥዕልም ያስፈልገዋል። ይህን ካሬ ብቻ አይነግርዎትም።

ነዳፊዋ፦ ለዚህ እኮ ነው እያንዳንዱ በየስሙ ይጻፍ የምለው፦ የፕላን ስምምነት (ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚገልጸው)፣ የፈቃድ ክፍያ፣ የንድፍ፣ የቅየሳ፣ ውዝፍ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር። ውዝፉ የፈቃድ ክፍያ ባይሆንም ፋይሉ ሲከፈት ብቅ ይላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ካርታው ተይዞ ከወሰን ድንጋይ እስከ ወሰን ድንጋይ በሜትር ይለካ። ካርታው ላይ የሌለ አሮጌ ማድ ቤት ጓሮ ውስጥ ካለ፣ ባለሙያ ለመስክ ሲመጣ ጉዳዩ የሰርቪሱ መሆኑ ይቀርና የማድ ቤቱ ይሆናል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ አንድ ብር አያስወጣም።

መሐንዲሱ፦ እሺ፣ መቶኛው ካርታው እስኪታይ ብቻ ያገልግል። ለእርማት የሚሆን መጠባበቂያ ግን አልተውም።

ነዳፊዋ፦ ይያዝ፤ ነገር ግን ለብቻው፣ ነዳፊው ለአንድ እርማት የሚጠይቀው በብር ተጽፎ።