ዋጋው በስልክ ይሰማል፤ ጥራቱን ማን ይናገራል?

ገበሬው የዕለቱን ዋጋ ካወቀ ነጋዴ አያታልለውም የሚል እምነት በግብርና ስብሰባዎች ላይ ደጋግሞ ይደመጣል። እምነቱ መሠረት አለው። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሰሊጥን ዋጋ በስልክ ማሰማቱ፣ ቀድሞ በጥቂት ሰዎች እጅ የነበረውን ወሬ የብዙዎች አድርጎታል። በሕንድ ኬረላ ደግሞ ሮበርት ጄንሰን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ ዓሣ አጥማጆች ተንቀሳቃሽ ስልክ ከያዙ በኋላ በየባሕር ዳርቻው ገበያ የነበረው የዋጋ ልዩነት እጅግ እንደጠበበ፣ ገዢ አጥቶ ይጣል የነበረው ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆን ዓሣም መጣሉ እንደቀረ አሳይቷል።

ታዲያ እዚያው ሕንድ ውስጥ፣ በማሃራሽትራ ክልል ለገበሬዎች የሰብል ዋጋ በየዕለቱ በስልክ መልእክት ሲላክላቸው፣ የሚሸጡበት ዋጋ ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አላሳየም። የዚህ ጥናት ውጤት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ስልኩ ያው ስልክ ሆኖ ውጤቱ ለምን ተለያየ? ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን ከሁሉ የሚከብደው አንዱ ነው እንላለን። በኬረላ ዛሬ ጠዋት የተጠመደ ሰርዲን የተባለ ትንሽ ዓሣ ከጎኑ ካለው ሰርዲን ብዙም አይለይም፤ ዋጋውን ያወቀ ሁሉን አወቀ። የአንዱ ማሳ ሰብል ግን ከሌላው ይለያል።

ወደ መተማ እንምጣ። ገበሬው የሁመራና የጎንደር ሰሊጥ ዛሬ ስንት እንደዋለ በስልኩ ሰምቶ 20 ኩንታል ጭኖ ይመጣል። ገዢው ዋጋውን አይክድም። እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ አንድ እፍኝ ያወጣል፣ እፍ ይልበታል፣ በጥርሱ ይሰብረዋል፤ ከዚያም «የሰማኸው ዋጋ ለጥሩው ነው፤ ያንተ አፈር አለው፣ አልደረቀም» ይላል። ስለዚህ ከኩንታሉ 5 ኪሎ ይቀነስ። ትክክለኛው ቆሻሻ 2 በመቶ ቢሆን ኖሮ ገበሬው በ20 ኩንታል ላይ 60 ኪሎ ሰሊጥ ያለ ክፍያ አስረክቧል ማለት ነው። ድርድሩ ከዋጋ ወደ ጥራት ዞረ፤ በጥራት ላይ ደግሞ የሚናገረው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ገበሬው ምርቱን ቢያውቅም፣ የሚያውቀውን የሚያስረዳበት ቁጥር በእጁ የለም።

ጉዳቱ በዚያ ቀን አያበቃም። ቅናሹ ለሁሉም 5 ኪሎ ከሆነ፣ ሰሊጡን በወንፊት ነፍቶ ቆሻሻውን 1 በመቶ ያደረሰ ገበሬ ለድካሙ ምን አገኘ? ምንም። በሚቀጥለው ዓመት አይነፋም። ሌላውም አይነፋም። የገበያው አማካይ ቆሻሻ ሲጨምር ገዢው እውነቱን ይዞ «6 ኪሎ ይቀነስ» ይላል፤ ያኔ በጣም ንጹሕ ሰሊጥ ያለው ሰው ምርቱን ከዚህ ገበያ ያሸሻል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 በአሮጌ መኪና ገበያ ምሳሌ ያብራራው ይህንኑ ነው፦ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ገዢ በአማካይ ይከፍላል፤ በአማካይ ሲከፍል መልካሙ ዕቃ ይወጣል፣ መጥፎው ይቀራል። ለዚህ ሥራ ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ከተማው ውስጥም ይኸው ነው፤ በቅቤ ተራ በግልጽ ይታያል። ለጋው ከበሳሉ በሽታና በቀለም ይለያል፤ ይህን ገዢው ከመክፈሉ በፊት ያውቃል። ውሃ የበዛበት ወይም ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ግን የሚታወቀው ቤት ገብቶ ሲነጠር ነው፦ ውሃው ከሥር ይተኛል፣ ባዕዱ ነገር ዝቃጭ ይሆናል። የሚረጋ የአትክልት ዘይት የተቀላቀለበት ደግሞ ተነጥሮም በቀላሉ አይለይም፤ ቤተ ሙከራ ይፈልጋል። ሦስቱን አንድ አድርጎ «ቁጥጥር ይጠናከር» ማለት አይጠቅምም። የመጀመሪያውን ገዢው ራሱ ይቆጣጠረዋል። ሁለተኛውን ደንበኝነት ይቆጣጠረዋል። መንግሥት አቅሙን ማዋል ያለበት ሦስተኛው ላይ ነው።

ደንበኝነት ስንል የዋዛ ነገር አይደለም፤ ሰዎች አንዱ የሌላውን እርምጃ እያሰበ እንዴት እንደሚወስን የሚያጠናው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ተደጋጋሚ ጨዋታ የሚለው ይህንን ነው። ለአብነት ያህል፣ ሻጯ በአንድ ኪሎ ንጹሕ ቅቤ 80 ብር ታተርፋለች፣ ብትቀላቅል 300 ብር ታተርፋለች እንበል። ገዢዋ በየቅዳሜው የምትመጣ ከሆነና ቤቷ ስታነጥር ደርሳበት ከቀረች፣ የአራት ቅዳሜ ንጹሕ ትርፍ 320 ብር ነውና ማታለሉ አያዋጣም። አንድ ጊዜ ብቻ ገዝቶ የሚሄድ ሰው ሲመጣ ግን 320 ብሩ የለም፤ ምርጫው የዛሬው 80 ወይም 300 ብር ብቻ ነው። ለጥምቀት ከየአገሩ ሰው ወደ ጎንደር ሲጎርፍ በገበያው ውስጥ የማይመለስ ገዢ ይበዛል፤ ያኔ ሐቀኛዋ ሻጭ ጭምር በሌላው ጥፋት ትጠረጠራለች። ግርግር ለሌባ ይመቻል የሚለው አባባል ልክ የሚሆነው በዚህ ስሌት ነው። የምግብ ቁጥጥር ሠራተኛ ናሙና መውሰድ ያለበት ዓመቱን ሙሉ በእኩል ልክ ሳይሆን፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት አብዝቶ ነው።

«ንጹሕ ቅቤ» ብሎ በር ላይ መጻፍ መፍትሔ አይሆንም፤ ጽሑፉ ለሐቀኛውም ለአታላዩም እኩል ርካሽ ነው። ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳስረዳው፣ ምልክት ወሬ የሚያቀብለው ለመጥፎው ሲከብድ ለመልካሙ ሲቀል ነው። «አንጥረው ካልወደዱት ገንዘብዎን እመልሳለሁ» የሚል ሻጭ ምልክት ሰጥቷል፤ አታላይ ይህን ቃል ቢገባ ይከስራል።

ለሰሊጡ ግን ደንበኝነት አይበቃም፤ ሽያጩ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነውና። ምርት ገበያው በመጋዘኖቹ ደረጃ ያወጣል፤ ችግሩ አብዛኛው አነስተኛ ገበሬ እዚያ ሳይደርስ ወረዳው ላይ መሸጡ ነው። ስለዚህ መመዘኛው ወደ ወረዳ ገበያ ይውረድ። የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛ፣ ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ወንፊት፣ የእርጥበት መለኪያና የማይገዛ የማይሸጥ ሰው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ20 ጆንያ አምስቱ ይመረጣሉ (በእህል ንግድ ከሚታወቁት መነሻዎች አንዱ የጆንያዎቹን ብዛት ስኩዌር ሩት መውሰድ ነው፤ የ20 ስኩዌር ሩት 4.5 ያህል ነውና ወደ 5 ከፍ ይላል)። የሚመርጠው ሻጩም ገዢውም አይደለም፤ ጆንያዎቹ ቁጥር ተጽፎባቸው በዕጣ ይወጣሉ። ከእያንዳንዱ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይቀዳል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ መኪና ላይ የተንገጫገጨ ጆንያ ውስጥ ደቃቅ አፈር ወደ ታች ይወርዳል፣ ስለዚህ ከአፉ ብቻ የተቀዳ ናሙና ሰሊጡን ከእውነቱ በላይ ያሳምረዋል። የተቀዳው ተደባልቆ ይከመራል፣ በአራት ይከፈላል፣ ተቃራኒዎቹ ሁለቱ ይነሳሉ፤ የቀረው እንደገና እየተደባለቀ ለምርመራው የሚሆን 1 ኪሎና በጎን የሚቀመጥ ትንሽ ትርፍ እስኪሆን ይደጋገማል። 1 ኪሎው ይነፋል፣ በወንፊት ያላለፈ ባዕድ ነገርም በእጅ ይለቀማል፤ የወጣው ሁሉ 20 ግራም ከመዘነ 2 በመቶ ነው። የእርጥበቱ ልክ አብሮ ይጻፋል። ትርፉ ናሙና በሦስት ታሽጎ አንዱ ለገበሬው፣ አንዱ ለገዢው፣ አንዱ ጠረጴዛው ዘንድ ይቀመጣል።

መዛኙን ማን ይክፈለው የሚለው ጥያቄ ከወንፊቱ ይበልጣል። ገዢው ከከፈለው ለገዢው ያደላል። በጉጅራት ስለ ፋብሪካ ብክለት መርማሪዎች የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዋ ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቿ ያደረጉት ነው፤ መርማሪዎቹ በሚመረምሩት ፋብሪካ መከፈላቸው ቀርቶ ከጋራ ቋት ሲከፈላቸው፣ በዕጣ ሲመደቡና ሥራቸው በሌላ ሰው ዳግም ሲፈተሽ፣ ሪፖርታቸው ወደ እውነቱ ቀርቧል። እዚህም ከእያንዳንዱ ኩንታል ሁለቱ ወገኖች እኩል ትንሽ ብር ለጋራ ቋት ያዋጡ፤ ከአሥር ናሙና አንዱን ሌላ መዛኝ፣ የማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ከተቀመጠው ፓኬት ይድገመው።

ውጤቱም በስልክ ብቻ አይላክ። በሰሌዳ ይጻፍ፣ ዋጋውም በደረጃ ተከፍሎ፦ 1 በመቶ ቆሻሻ ይህን ያህል፣ 2 በመቶ ይህን ያህል፣ 5 በመቶ ይህን ያህል። የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ሊቁ ሮበርት አውማን እ.ኤ.አ. በ1976 በሒሳብ ያስቀመጠው ልዩነት እዚህ ገበያ መሐል ይሠራል፤ አንድ ነገር እኔም አንተም ማወቃችን አንድ ነው፣ እኔ እንደማውቅ አንተ ማወቅህ፣ አንተ እንደምታውቅም እኔ ማወቄ፣ እንዲሁ እያለ የሚቀጥለው፣ ሌላ ነው። በኪሱ ባለ ስልክ ዋጋ የሰማን ገበሬ ገዢው «አልሰማ ይሆናል» ብሎ ሊሞክረው ይችላል። ሁለቱም በአንድ ሰሌዳ ፊት ሲቆሙ ግን ያ ሙከራ ጊዜ ማባከን ነው።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ እዚያው መተማ አካባቢ በገንዳ ውሃ ከተማ፣ አዲሱ ሰሊጥ ተወቅቶ ወደ ገበያ ሲወጣ፣ ከኅዳር በፊት ቢተከል በሁለተኛው የምርት ወቅት መልሱ ይታያል። መታየት ያለበትም የተሸጠው ኩንታል ብዛት አይደለም፤ በሁለተኛው ዓመት ወደ ጠረጴዛው የሚመጣው ሰሊጥ አማካይ ቆሻሻ ከመጀመሪያው ዓመት መቀነስ አለመቀነሱ ነው።