ፍላሽ ለምታስጭኑ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ከአንድ ሞባይል መሸጫ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ ወጣት ፍላሹን አቀብሎ «አዲስ የወጡትን የአማርኛ ፊልሞች በሙሉ ጫንልኝ» አለ። ሻጩም ጫነለት፤ ነውር ነው ያለ አልነበረም፤ እኔም ዝም አልኩ።

ዦርዥ ሜልዬስ የተባለውን ፈረንሳዊ የፊልም ሠሪ አስታውሱ። የጫማ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ሆኖ ሳለ የውርስ ድርሻውን ለወንድሞቹ ሸጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ፓሪስ ውስጥ የምትሃት ትርኢት የሚታይበት ቲያትር ገዛ። በ1895 መጨረሻ ሉሚዬሮች የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በራሳቸው መሣሪያ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲያሳዩ ተመልክቶ መሣሪያውን ሽጡልኝ ቢላቸው እንቢ አሉት፤ እሱ ግን ከለንደን ሌላ ገዝቶ በዓመቱ መቅረጽ ጀመረ። (ያኔ ከሠራቸው አንዱ በእኛ ቋንቋ «የሰይጣን ቤት» ሊባል የሚችል ርዕስ ነበረው፤ አዲስ አበቤም የመጀመሪያ ሲኒማ ቤቱን የጠራው በዚሁ ስም ነው።) ከ500 የሚበልጡ ፊልሞችን ሠራ። በ1902 ወደ ጨረቃ ስለሚደረግ ጉዞ የሠራው ፊልም አሜሪካ ሲደርስ ግን፣ እዚያ ያሉ ነጋዴዎች ያለ ፈቃዱ እያባዙ ቸበቸቡት። ወንድሙን ኒውዮርክ ልኮ ቢሮ አስከፈተ፤ ሥራውን እንዳይክዱትም የድርጅቱን ምልክት፣ ኮከቧን፣ ከመድረኩ ሥዕል መካከል ያስገባት ነበር። እናንተም ከፊልሙ ጥግ የምታዩት የአዘጋጁ አርማ እንዲህ ያለ ልመና ነው።

ውድቀቱን ሁሉ በሌቦች ላይ አላላክክም። የተመልካቹ ፍላጎት ሲለወጥ እሱ በቀድሞ ስልቱ ጸንቶ ቀረ፤ ቤቱንና ስቱዲዮውን አስይዞ ከፓቴ የፊልም ኩባንያ የተበደረው ገንዘብም አነቀው። በ1923 ቲያትሩ ለጎዳና ማስፋፊያ ፈረሰ፤ ተናዶም ያስቀመጣቸውን ኔጋቲቮች፣ ማለትም ቅጂ የሚወጣባቸውን የፊልሞቹን ዋና ጥቅልሎች፣ በእጁ አቃጠለ። ከዚያ በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ፣ በፊልሞቹ ትተውን ከነበረችው ባለቤቱ ጋር መጫወቻና ከረሜላ ይሸጥ ጀመር። በ1931 የክብር ሌጌዎን የተባለውን የፈረንሳይ ኒሻን ደረቱ ላይ አደረጉለት፤ ሽማግሌው ግን ከዚያች ሱቅ የተገላገለው በማግስቱ ዓመት፣ የሲኒማ ሰዎች የጡረታ ቤት ሲያስገቡት ነው።

እኛም እንዲሁ ነን። ተዋናዩ ሲታመም የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን እንቀባበላለን፣ ሲሞት ከድንኳኑ ቀድመን እንገኛለን፤ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሳለ ግን ለትኬቱ ሰስተን ቴሌግራም ላይ እስኪለቀቅ እንጠብቃለን። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው! አዋጁ ግን ከሱቁ ደጃፍ አብሮን አይቆምም፤ የምንቆመው እኛ ነን። እኔም ነገ ወደዚያው ሱቅ ሄጄ ትናንት የዋጥኩትን ቃል ለሻጩ እነግረዋለሁ።